የናራባድ የውሃ ጽዋ

በቅሎዎቹ የመጨረሻውን ጠመዝማዛ ወርደው ሜዳውን ሲረግጡ የመሪዋ በቅሎ ደወል ድምፁ ተለወጠ። ዐለት ለዐለት ሲያስተጋባ የዋለውን አሸዋው ዋጠው። የበቅሎ ነጂው ቃምባር "ያ አሊ!" ብሎ ጅራፉን አየር ላይ አጮኸ። ከፊታቸው፣ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቆ በተዘረጋው ምድር መካከል፣ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ብቅ አለች።

"ያቺ ናት?" አለ ሙሴ ኦብሬ በፈረንሳይኛ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ።

"ያቺ ናት። ናራባድ። የእናቴ አገር።"

ሚርዛ ጀዋድ ይህን ሲናገር ደረቱን ነፋ አድርጎ ነበር፤ ወዲያው ግን መድረሱን ፈራ። ወጣቱ ሚርዛ ከፓሪስ ትምህርት ቤት ወደ አገሩ የተመለሰው የፋርሱ ንጉሥ ሻሁ ለሁለተኛ ጊዜ ከፈረንጅ አገር በተመለሱበት ዓመት ነው። በቴህራን ደጅ ጠንቶ ጠንቶ ሹመት ቢያጣ፣ የጥንት ከተሞችንና በረሃውን ዞሮ ለማየት ለመጣው ለዚህ ፈረንሳዊ መንገድ መሪና አስተርጓሚ ሆኖ ገባ። ከካሻን ኢስፋሃን፣ ከኢስፋሃን ናኢን፣ አሁን ደግሞ ወደ ያዝድ። መስጊዱን፣ ገበያውን፣ የሰማያዊ ሸክላውን ጥበብ ሁሉ ሲያሳየው ከረመ። ፈረንጁ ሁሉን ያደንቃል። ማድነቁ ነው ጣጣ ያመጣው።

ኢስፋሃን ላይ አንድ ነጋዴ ቤት ተጋብዘው ነበር። ሙሴ ኦብሬ የነጋዴውን የብዕር ማኖሪያ ሣጥን አንሥቶ፣ "እንዴት ያምራል!" አለ። ነጋዴውም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ከእርስዎ አይበልጥም፤ ይውሰዱት" አለ። ፈረንጁ አመስግኖ ኪሱ ከተተው። የነጋዴው ፊት እንደ ሰም ገረጣ። ሚርዛ ጀዋድ በፈረንጁ ጆሮ ተጠግቶ፣ ይህ የአክብሮት ወግ መሆኑን፣ እንግዳ አንዴም ሁለቴም ሦስቴም "አይሆንም" ማለት እንዳለበት፣ ያን ጊዜ ሰጪውም እንግዳውም ተከብረው እንደሚለያዩ አስረዳው። ሙሴ ኦብሬ እንደ በርበሬ ቀልቶ ሣጥኑን መለሰ።

ወደ ማደሪያቸው ሲሄዱ ግን፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝና ሚርዛ፣ አንድ ሰው 'ውሰድ' ሲል 'አትውሰድ' ማለቱ ከሆነ፣ በዚህ አገር እውነቱን የፈለገ ሰው ማንን ይጠይቅ?" አለው።

በክፋት አልነበረም ያለው። ያለ ክፋት መባሉ ነው ሚርዛን የለበለበው። እሱ ራሱ ፓሪስ ተቀምጦ ስለ አገሩ ሰዎች ይህንኑ ሲያስብ ኖሯልና። ያን ዕለት ማር የተቀባ ምላስ ባላቸው አባቶቹ ሁሉ አፈረ። ናኢን ሲደርሱም፣ ሳያስበው፣ "ያ የከተሜ ወግ ነው፤ የበረሃ ሰው እንደዚያ አይደለም" አለ። "እናቴ አገር ስንደርስ ያዩታል። እዚያ ቃል ማለት ቃል ነው።"

ውሸት ነበር። የበረሃ ሰው ያለው ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ወጉ ከከተሜው ይከብዳል።

ናራባድ ሲደርሱ ዓርብ ቀትር ነበር። የሚርዛ አጎት፣ የእናቱ ታላቅ ወንድም ከርበላዪ ሄይዳር፣ ከጭቃ ከተሠራችው የውሃ ቤት በር ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ ጠበቃቸው። ከተራራው ሥር በምድር ውስጥ በተቆፈረ ቦይና በጉድጓዶቹ በኩል የሚመጣው ውሃ ብርሃን የሚያየው እዚያ ነው። ከርበላዪ የመንደሩ የውሃ አባት ነው፤ የማን ማሳ መቼ እንደሚጠጣ የሚወስነው እሱ ነው፤ ከእሱ በፊትም አባቱ ነበር።

"የእህቴ ዐይን!" ብሎ የሚርዛን ራስ በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን ሳመው። "ምነው ከሳህ ልጄ? ፈረንጆቹ እንጀራ አይበሉም እንዴ?"

"ይበላሉ አጎቴ።"

"ታዲያ ላንተ አይሰጡህም ማለት ነው።" ከዚያ ወደ ሙሴ ኦብሬ ዞሮ እስከ ወገቡ አጎነበሰ። "እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ። በዐይናችን ላይ ይራመዱ። ቤቱ የእርስዎ ነው፤ እኛ እንግዶችዎ ነን።"

ሚርዛ ጀዋድ "እንኳን ደህና መጡ ይላል" ብቻ ብሎ ተረጎመ። የአጎቱ እግር የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ የሸሚዙ እጅጌ ላይ አፍንጫ የተጠረገበት ምልክት፣ ከሁሉም በላይ ያ ማጎንበስ ዐይኑን ወጋው።

ሮማንና ደረቅ አይብ በሉ። ቀጥሎ ሙሴ ኦብሬ የውሃውን ቤት ማየት ፈለገ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። አንድ ትልቅ የመዳብ ጋን ውሃ ሞልቶ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ባለው መደብ ላይ አንዲት ትንሽ ጽዋ ተደፍታለች። ከርበላዪ አንሥቶ አሳየው፤ ቂጧ ላይ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ አለች። ጽዋዋ በጋኑ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች፣ ቀስ እያለች ትሞላለች፣ ትሰጥማለች። አንድ መስጠም አንድ ድርሻ ነው። ዓርብ ቀትር ግን ውሃው ለመስጊዱ ገንዳ ስለሚለቀቅ ቆጠራ የለም፤ ሰውም ሁሉ ጸሎት ላይ ነበር።

ሙሴ ኦብሬ ጽዋዋን ተቀብሎ ወደ በሩ ብርሃን ወሰዳት። በውስጧ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መሥመሮች ተቀርጸዋል። ጣቱን በላያቸው አስኬደ። ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት በራ።

"እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም" አለ።

ከርበላዪ ቃሉ ባይገባውም ፊቱ ገባው። እጁ ራሱ አውቆ ደረቱ ላይ ወጣ። "ከእርስዎ አይበልጥም ጌታዬ" አለ። "ይውሰዷት።"

"ምን ይላሉ?"

"ይውሰዷት ነው የሚለው።"

ሙሴ ኦብሬ ፈገግታው ቀዝቀዝ አለ። "በእውነት ነው? ወይስ እንደ ኢስፋሃኑ ሣጥን?"

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው። ሚርዛ ጀዋድ ቃሉን አፉ ውስጥ ይዞት ነበር። ነገር ግን ናኢን ላይ የተናገረው ትዝ አለው፤ ከዚያም ፈረንጁ የሚያይበት ያ ጨዋ፣ ያ ያልተቆጣ ዐይኑ ታየው። አሁንም ደግሞ "ወግ ነው፤ አጎቴም እንደዚያው ነው" ሊለው ነው። ጆሮው ጋለ።

"በእውነት ነው" አለ። "ነግሬዎት አልነበረም?"

ለራሱ፣ እንቢ ይላል፣ ጨዋ ሰው ነው፣ በራሱ አፍሮ እንቢ ይላል አለ። ሙሴ ኦብሬ ግን ቃል ቃል በሆነበት አገር እንቢ ማለት ስድብ መሰለው። ሁለት እጁን ዘርግቶ የከርበላዪን እጅ ጨበጠ፤ ወዲያው ከኪሱ የሚታጠፍ የቀንድ እጀታ ያለው ቢላዋ አውጥቶ በመዳፉ አስቀመጠለት።

ከርበላዪ ሄይዳር የእህቱን ልጅ አየው። የሚጠብቀው ከእሱ ነበር፤ እንግዳው ባያውቅ አገሬው ያውቃል፣ ስለ እንግዳው "አይደረግም አጎቴ፣ በሞቴ" ይላል ብሎ ነበር። ሚርዛ ጀዋድ የጫማውን ማሠሪያ ለማጥበቅ ጎንበስ አለ። ማሠሪያው ጠብቆ ነበር።

ቀና ሲል አጎቱ የወገብ መታጠቂያውን ፈትቶ ጽዋዋን እየጠቀለለ ነበር። እንደ አራስ ልጅ ነው የጠቀለላት። "በደስታ ይጠቀሙባት" አለ። ሲነሡም እስከ መንደሩ ጫፍ ሸኛቸው፤ መንገዳቸው የቀና እንዲሆን እንደ ወጉ ከኋላቸው ከማሰሮ ውሃ ረጨላቸው። ሚርዛ ጀዋድ ዞር ብሎ አላየውም።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የጨው ምድር ነው። ከቀትር በኋላ ያለችው ፀሐይ ስታርፍበት እንደ በረዶ ያንጸባርቃል። ሙሴ ኦብሬ ደስ ብሎት ስለ ጥንት ነጋዴዎችና ስለ ጠፉ ከተሞች ይጠይቃል፤ ሚርዛ ጀዋድ "አዎን" እና "አይደለም" ብቻ ይመልሳል። ጽዋዋ የመንደሩ ናት፤ የአጎቱ አይደለችም። ከርበላዪ የሰጠው የእሱ ያልሆነውን ነው፤ ሊሰጥም ብሎ አልነበረም። ማታ የማን ተራ ነው? በምን ይቆጥራል? ሌላ ጽዋ ቢያመጣ ቀዳዳዋ ሰፋ ወይ ጠበበ ብሎ የማይጮኽ ማን አለ?

"ሚርዛ፣ በቅሎዋ ላይ አንቀላፍተው እንዳይወድቁብኝ" አለ ቃምባር። "የፈረንሳይ ትምህርት ከወደቀ ማን ያነሣዋል?"

ፀሐይ ስትጠልቅ ከመንገደኞች ማደሪያ ደረሱ። ገና በሩ ላይ እንደተቀመጡ ሙሴ ኦብሬ መታጠቂያውን ፈትቶ ጽዋዋን ጉልበቱ ላይ አኖራት።

"እነዚህ መሥመሮች የድርሻ ክፋይ መሆን አለባቸው" አለ። "ግማሽ፣ ሩብ። እንዴት ድንቅ ነው!" ከዚያ ጽዋዋን ገልብጦ አያት። "ግን ሚርዛ፣ እነሱ ሌላ አላቸው?"

ሚርዛ ጀዋድ የጫማውን አቧራ ማራገፍ ጀመረ።

"ሌላ አላቸው ወይ?"

"የላቸውም።"

"ታዲያ ለምን ሰጡኝ?"

"አልሰጡዎትም።"

ሙሴ ኦብሬ ባርኔጣውን አወለቀ። "እኔ ጠይቄዎት ነበር። በእውነት ነው አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የዋሹኝ ወይስ አሁን?"

"ያን ጊዜ።"

"ለምን?"

ሚርዛ ጀዋድ በፈረንሳይኛ ብዙ የሚያምሩ ቃላት ያውቃል፤ አንዱም አልመጣለትም። "ስላፈርሁ" አለ። "እኛን እንደ ውሸታም እንዳያዩን።"

ፈረንጁ አልሳቀም። ጽዋዋን መልሶ በመታጠቂያው ጠቀለላትና አቀበለው። "አልተቆጣሁዎትም" አለ ቀስ ብሎ። "ግን ከካሻን ጀምሮ የነገሩኝን ሁሉ አሁን ምን ላድርገው? የትኛው ነው እውነቱ? ያዝድ ስደርስ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።" ከሁሉ ያሳፈረው ይህ ይቅርታ መጠየቁ ነበር።

ጎሕ ሲቀድ ቃምባር አንዲት በቅሎ ጭኖ አዘጋጀለት። "አይ ሚርዛ!" አለ ራሱን እየነቀነቀ። "ሰው ወደ ፊት ይሄዳል፣ እርስዎ ለአንዲት ቀዳዳ ጽዋ ወደ ኋላ!"

"ዝም በል ቃምባር።"

"ዝም ብያለሁ። በቅሎዋም ዝም ትላለች። ጅራፍ ብቻ አያሳዩዋት፤ እሷ እንኳ ይሉኝታ አላት።"

ናራባድ ሲደርስ ጩኸቱን ከሩቅ ሰማው። ከውሃው ቤት ፊት መንደሩ በሙሉ ተሰብስቧል። አንድ ወጣት ራሱ በጨርቅ ታስሮ ደም ዘልቆታል፤ ሌላው አካፋውን እንደ ጦር ይዞ አራት ሰው አንቆ ይዞታል። ውሃው ማንም ሳይመራው በመንገዱ ላይ ተንጣሎ ይፈሳል። በመካከል ከርበላዪ ሄይዳር ቆቡን አውልቆ፣ ሽበቱ ተገልጦ፣ መሬት ላይ ተቀምጧል። መታጠቂያ የሌለው ልብሱ ተከፍቷል።

የመንደሩ ሹም ራጀብ ከላዩ ቆሞ ይጮኻል። "ጉድጓድ ገባችብኝ አልኸን። ቆፋሪውን በገመድ አውርደን ዳስሰን ዳስሰን አጣን! የትኛው ጉድጓድ ነው?"

"አላስታውስም።"

"አባትህ ዐይነ ስውር ሆኖ እንኳ አልጣላትም! ሸሽገሃት ነው። ለማን ልትሸጥብን ነው ውሃችንን? በቁርኣን ማልልን!"

ከርበላዪ ራሱን አቀረቀረ። "አልምልም።"

"ሰማችሁ? አይምልም!"

ሚርዛ ጀዋድ ከሰዉ ጀርባ ቆሞ ገባው። አጎቱ "እንግዳ ወሰዳት" ማለት አልቻለም፤ ቤቱ ገብቶ ጨውና እንጀራውን የቀመሰ እንግዳ አይከሰስም። በሐሰት መማልም አልቻለም። እውነቱን ሚርዛ ቢናገርለትስ? "ከርበላዪ በአፉ ሰጣት" ቢል፣ የመንደሩን አደራ በወግም ቢሆን 'ይውሰዷት' ያለ ሰው ከእንግዲህ ውሃ አባት አይሆንም። ልጆቹም አይሆኑም። የፓሪሱ ሚርዛ ስንት ዓመት ሙሉ የናቀው ነገር፣ ሰውን ለማክበር የሚነገር ውሸት፣ አሁን ከፊቱ ቆሞ መንገድ ዘጋበት።

ሰዉን ገፍቶ ገባ። መታጠቂያውን ፈታ። ጽዋዋ ፀሐይ ላይ ስታበራ ጩኸቱ እንደ ክር ተበጠሰ።

"እኔ ነኝ" አለ። "እኔ ነኝ የሰረቅኋት። ትናንት ሁላችሁም ጸሎት ላይ ሳላችሁ፣ አጎቴ ለእንግዳው ሮማን ሊያመጣ ሲሄድ። ለፈረንጁ ልሸጣት ነበር።"

ከርበላዪ ቀና አለ። አፉ ተከፈተ። "አይደለም..." አለ፣ "ይህ ልጅ..."

ሚርዛ ጀዋድ ተንበርክኮ እጁን ያዘና ሳመው። "አጎቴ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በእናቴ አፈር።"

የሽማግሌው አፍ ለአፍታ እንደተከፈተ ቆየ። ከዚያ ተዘጋ።

"ያበላህን እጅ ነከስህ!" አለ ሹም ራጀብ፤ ምራቁን ሚርዛ እግር ሥር ተፋ። "ዐይኑን በጨው ታጥቦ መጥቶ ይነግረናል ደግሞ! እናትህ በሕይወት አለመኖሯ ነው ደጉ።" ሌላው ከኋላ፣ "ለዚህ ነው እንዴ ፈረንጅ አገር የሄደው? ሌብነትማ እዚሁ በነፃ ይማር ነበር!" አለ። ጥቂቶች ሳቁ፤ ሳቁ ከምራቁ የባሰ ነበር።

"እሷ ለመሆኗ ማን ያውቃል?" አለ ራሱ የታሰረው ወጣት። "ቀዳዳዋን አስፍቶት ቢሆንስ?"

ከርበላዪ ሳይናገር ተነሥቶ ጽዋዋን በጋኑ ውሃ ላይ አኖረ። ጽዋዋ የቁርኣኑ መክፈቻ ፋቲሃ ስንት ጊዜ ተደግሞ እንደምትሰጥም ናራባድ ከጡት ጋር ነው የሚጠባው። ሹሙ ጀመረ፤ በሩ ላይ ያሉት ተቀበሉ፣ ከውጭ ያሉት ተከተሉ፣ ሴቶቹም ከግድግዳው ጀርባ። መንደሩ ሁሉ በአንድ ድምፅ ደገመ። ሚርዛ ጀዋድ ከንፈሩ ሳያውቅ አብሮ ሲንቀሳቀስ አገኘው፤ አጠገቡ የነበረው ሰው ግን ከእሱ ራቅ ብሎ ቆመ። የመጨረሻው ፋቲሃ ሲያልቅ ጽዋዋ አንዴ ተንገዳግዳ ወደ ታች ወረደች።

"እሷ ናት" አለ ሹሙ።

ሰዉ ወደየማሳው መበተን ጀመረ። ሚርዛ ጀዋድ ወደ በቅሎው ሲዞር አንዲት አጭር ባልቴት መንገዱን ዘጋችበት። ቢቢ ሳናም ነች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምታርስ።

"አንተ ሌባ፣ ወዴት ነው? ትናንት ማታ ተራዬ ነበር። ዘሬን በትኜ፣ ውሃ ሳጣ ጠዋት ወፍ ለቀመው።" አካፋ ደረቱ ላይ ገፋችለት። "አሁን ሹሙ ተራዬን መለሰልኝ። ወንድ ልጅ የለኝ። ውሃዬን አንተ ትመራለህ።"

"ቢቢ፣ አላውቅበትም።"

"መስረቅስ ማን አስተማረህ? አውልቅ ጫማህን።"

ጫማውን አወለቀ። የፓሪስ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቦዩ ውስጥ ገባ። ከውሃው ቤት የአጎቱ ድምፅ ተሰማ፤ "የቢቢ ሳናም ተራ ገብቷል!" ውሃው እንደ እባብ እየተሳበ መጣና እግሩን ነካው፤ ብርዱ አጥንቱ ድረስ ገባ። የተሳሳተውን ግድብ ከፈተ፤ ውሃው ወደ ጎረቤት ማሳ ሾለከ።

"ወደ ግራ!" ጮኸች። "ወደ ግራ! ፓሪስ ግራ የለም እንዴ?"

በጭቃ ደፈነው፤ ተናደ፤ ደግሞ ደፈነው። መዳፉ ውሃ ቋጠረ። የሚያልፉት ሰዎች ቆም እያሉ ያዩታል፤ ሰላም የሚለው የለም። እሱም ቀና አላለም።

ድርሻዋ ሲያልቅ ከርበላዪ ሄይዳር ቆጠራውን ለልጁ ሰጥቶ ለጸሎት ወደ መስጊዱ ወረደ። መንገዱ በቢቢ ሳናም ማሳ ጠርዝ ነው። አብረውት ሹም ራጀብና ሌሎች ነበሩ። ይህ ሽማግሌ በዕድሜው ሰውን ሰላም ሳይል አልፎ አያውቅም፤ ለማኝን፣ የማያውቀውን መንገደኛ፣ የተጣላውን ሰው ሳይቀር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አጎንብሶ ነው የሚያልፈው። ከሚርዛ ፊት ሲደርስ እርምጃው ለአፍታ ተሰናከለ። እጁ ከጎኑ ተነሣ፤ ደረቱ ሳይደርስ ቆመ። ሹሙ እያየው ነበር፤ ሰላም ቢለው ሚስጥራቸው ይታወቃል። ከርበላዪ እጁን መልሶ ዝቅ አደረገ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ፣ ሰላም ሳይል አለፈ።

ሚርዛ ጀዋድ ያ ዝምታ ሽማግሌውን ምን ያህል እንዳስከፈለው አወቀ። ጭቃ በያዘ እጁ ዐይኑን ጠረገና ጎንበስ ብሎ ግድቡን እንደገና መድፈን ጀመረ።